የአባቶች ሕመም፦ የፕሮስቴት ካንሰርን አስቀድሞ ስለ ማወቅና ሕሙማንን ስለ መደገፍ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ አልፎ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው አውራ ጎዳና፣ ሲሬ ከመድረሱ በፊት በአኖ ከተማ ያልፋል። አኖ የጎቡ ሰዮ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ በአብዛኛው በቆሎና በርበሬ አምርቶ የሚኖር ገበሬ ነው። የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ለዛሬው ትምህርታችን መነሻ እንዲሆነን ከዚህ አካባቢ ገበሬዎች መካከል በስልሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ አንድ አባት በዐይነ ልቡናችን እንመልከት። እኚህ አባት ለምሳሌ የተነሡ እንጂ ተለይተው የሚታወቁ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን በየአጥቢያው እርሳቸውን የሚመስል አባት አይጠፋም።

እኚህ አባት ከሁለት ዓመት ወዲህ ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ ለሽንት ይነሣሉ። ሽንታቸው እንደ ቀድሞው አይወርድም፤ ይቆራረጣል። ገበያ በሚሄዱበት ቀን መንገድ ላይ እንዳይቸገሩ ውኃ አይጠጡም። ባለቤታቸው ሲጠይቋቸው «ብርድ ነው፤ ዕድሜም ነው» ብለው ያልፏቸዋል። ወገባቸውን ሲያማቸው የእርሻ ድካም ይመስላቸዋል። በመጨረሻም አንድ ሌሊት ሽንታቸው ጨርሶ ይዘጋና በጎረቤት ትከሻ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳሉ፤ ከዚያም ወደ ነቀምቴ ይላካሉ። በነቀምቴ ከተደረገላቸው ምርመራ በኋላ ሕመሙ የፕሮስቴት ካንሰር እንደ ሆነና ወደ አጥንታቸው እንደ ተሠራጨ ይነገራቸዋል። የእርሻ በሬ ይሸጣል፤ ገንዘቡ ግን ለመንገድና ለማደሪያ ያልቃል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲያርፉ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ለቤተሰቡ የተወሰነውን ገንዘብ ይሰጣል፣ ጎረቤትም ንፍሮ ቀቅሎ ለቅሶ ይደርሳል።

ይህ ሁሉ መልካም ሥርዐት ነው፤ ሊቀርም አይገባውም። ሆኖም አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ለቀብር የተሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱ፣ ለለቅሶ የመጣው ሰው ጥቂቱ ከሁለት ዓመት በፊት ለእኚህ አባት ቢደርስላቸው ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ መመለስ ነው። በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ፣ ቀጥሎ ስለ ምርመራውና ስለ ሕክምናው፣ በመጨረሻም አንድ አጥቢያ በአቅሙ ሊያደርገው ስለሚችለው ድጋፍ እንማማራለን።

፩. ፕሮስቴት ምንድን ነው?

ፕሮስቴት በወንዶች ብቻ የሚገኝ ዕጢ ነው። እዚህ ላይ ዕጢ ስንል ከተፈጥሮ የተሰጠንን የሰውነት ክፍል ማለታችን እንጂ በሽታ ማለታችን አይደለም። የሚገኘው ከሽንት ፊኛ ሥር ሲሆን፣ የሽንት ቧንቧው በመካከሉ ያልፋል። ሥራውም ከዘር ጋር የሚቀላቀለውን ፈሳሽ ከፊሉን ማመንጨት ነው። በጎልማሳነት ዕድሜ አነስተኛ ሲሆን፣ ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ግን በብዙ ወንዶች ላይ መጠኑ ይጨምራል። የሽንት ቧንቧው በመካከሉ ስለሚያልፍ ዕጢው ሲያድግ ቧንቧውን ይጫነዋል፤ የሽንት ማጠር፣ መቆራረጥና ቶሎ ቶሎ መምጣትም በዚህ ምክንያት ይከሰታል።

በዚህ ቦታ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ካንሰር ያልሆነ የፕሮስቴት ማደግ ነው። ይህ በአረጋውያን ዘንድ እጅግ የተለመደ፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የማይሠራጭ፣ በመድኃኒትም ሆነ በቀዶ ሕክምና የሚረዳ ሕመም ነው። ሁለተኛው የፕሮስቴት ካንሰር ሲሆን፣ የዕጢው ሕዋሳት ከሥርዐት ውጭ ሲባዙ የሚፈጠርና ካልታከመ በተለይ ወደ አጥንት ሊሠራጭ የሚችል ነው። ስለዚህ ሌሊት ለሽንት የሚነሣ አባት ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም፤ የብዙዎቹ ችግር የመጀመሪያው ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱን በስሜትና በግምት መለየት አይቻልም። የሚለያቸው ምርመራ ብቻ ነው።

፪. ይበልጥ የሚያሰጋው ለማን ነው?

የፕሮስቴት ካንሰር በዓለም ዙሪያ በወንዶች ላይ ከሚከሰቱ ካንሰሮች ሁለተኛውን ደረጃ የያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ወንዶች በዚህ ሕመም መያዛቸው ሲታወቅ፣ 400,000 የሚጠጉት ሕይወታቸውን አጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የቀረበ የባለሙያዎች ጥናት፣ በ2020 1.4 ሚሊዮን የነበረው ዓመታዊ የሕሙማን ቁጥር በ2040 ወደ 2.9 ሚሊዮን እንደሚያድግ ገምቷል። ለዚህ ዋናው ምክንያት የሰው ዕድሜ መርዘሙ ነው። በሀገራችንም አባቶች ረጅም ዕድሜ በኖሩ መጠን ይህ ሕመም ይበልጥ እየታየ መሄዱ አይቀርም።

ሥጋቱን ከፍ የሚያደርጉት ዋና ዋና ነገሮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ዕድሜ ነው፤ ከ50 ዓመት በታች ባሉት ላይ እምብዛም አይታይም፤ ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ እየጨመረ ይሄዳል። ሁለተኛው የቤተሰብ ታሪክ ነው፤ አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው ሥጋቱ ከሌላው ከእጥፍ በላይ ነው። ሦስተኛው የዘር ሐረግ ነው፤ ከአፍሪካ የዘር ሐረግ በተገኙ ወንዶች ላይ ሕመሙ ይበልጥ እንደሚበዛና በለጋ ዕድሜ እንደሚጀምር ጥናቶች አሳይተዋል። በመሆኑም አባታቸው «በሽንት ሕመም» ያረፉ ወንዶች ልጆች፣ ያ ሕመም በእርግጥ ምን እንደ ነበረ መጠየቅና ለሐኪም መናገር ይገባቸዋል።

፫. ምልክቶቹና የምልክቶቹ ዝምታ

ስለዚህ ሕመም ሊታወቅ የሚገባው ትልቁ ነገር፣ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሳለ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የማያሳይ መሆኑ ነው። ካንሰሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሽንት ቧንቧው ራቅ ባለው የዕጢው ክፍል ስለሆነ፣ ቧንቧውን እስኪጫን ድረስ ሰውየው ጤነኛ ይመስላል። «አላመመኝም፤ ለምን እመረመራለሁ?» የሚለው አነጋገር በሌላ ሕመም ላይ ሊያስኬድ ይችል ይሆናል፤ በዚህ ሕመም ላይ ግን ያታልላል።

ሕመሙ እየገፋ ሲሄድ ሽንት ለመጀመር መቸገር፣ የሽንት ኀይል መድከም፣ ሌሊት ደጋግሞ መነሣት፣ ደም የተቀላቀለበት ሽንት ይታያሉ። ወደ አጥንት ከተሠራጨ በኋላ የማይለቅ የወገብ፣ የዳሌ ወይም የጎድን ሕመም፣ የክብደት መቀነስና ድካም ይከተላሉ። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ተቋም መሄድን ይጠይቃሉ፦ ሽንት ጨርሶ ሲዘጋ፣ እንዲሁም እግር በድንገት ሲዝል ወይም ሲደነዝዝ። ሁለተኛው ካንሰሩ የአከርካሪ አጥንትን ነክቶ ነርቭን እየተጫነ እንደ ሆነ ሊያመለክት ይችላል፤ ከዘገየም ሰውየው መራመድ እንዳይችል ያደርገዋል።

፬. ምርመራው ምን ይነግረናል? ምንስ አይነግረንም?

የመጀመሪያው ምርመራ ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባል የደም ምርመራ ነው። ፒ.ኤስ.ኤ. ፕሮስቴት የሚያመነጨው የፕሮቲን ዓይነት ሲሆን፣ በደም ውስጥ ያለው መጠን ሲጨምር በዕጢው ላይ አንድ ነገር እንዳለ ይጠቁማል። ብዙ ሐኪሞች ሲጠቀሙበት የኖሩት መነሻ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም 4 ናኖ ግራም ነው። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ፍርድ አይደለም። መጠኑ ከ4 እስከ 10 ከሆነባቸው አራት ወንዶች መካከል ካንሰር የሚገኘው በአንዱ ገደማ ላይ ነው፤ ከ10 ሲበልጥ ግን ካንሰር የመገኘቱ ዕድል ከግማሽ በላይ ይሆናል። ካንሰር ያልሆነ የዕጢ ማደግ፣ የሽንት መሥመር ኢንፌክሽን፣ በቅርቡ የገባ ካቴተርም ቁጥሩን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ስለሆነም ቁጥሩ ከፍ ሲል ብዙውን ጊዜ ከሳምንታት በኋላ ምርመራው ይደገማል።

ሁለተኛው ሐኪሙ ጓንት አድርጎ በጣቱ በፊንጢጣ በኩል ዕጢውን የሚዳስስበት ምርመራ ነው። ብዙ አባቶች ከሕክምና የሚሸሹት ይህን በመፍራትና በማፈር ነው። እውነቱ ግን ምርመራው ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ የሚወስድና ለሐኪም የዕለት ሥራ መሆኑ ነው። ሴቶች እናቶቻችንና እኅቶቻችን ለወሊድና ለማኅፀን ምርመራ የሚታገሡትን ስናስብ፣ ለአባቶች አንድ ደቂቃ መታገሥ ከባድ ሊሆን አይገባውም። በእነዚህ ሁለት ምርመራዎች ጥርጣሬ ከተገኘ በመርፌ ከዕጢው ናሙና ይወሰዳል፤ ካንሰር ነው ወይም አይደለም የሚለውን የመጨረሻ ቃል የሚሰጠው የዚህ ናሙና ውጤት ነው።

ሁሉም ወንድ በጅምላ ይመርመር ማለት ግን አይደለም። በአውሮፓ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በ182,000 ወንዶች ላይ የተካሄደው ሰፊ ጥናት ከ23 ዓመታት ክትትል በኋላ እንዳመለከተው፣ ለፒ.ኤስ.ኤ. ምርመራ በተጠሩት ዘንድ በፕሮስቴት ካንሰር የመሞት ዕድል በ13 በመቶ ቀንሷል። በሌላ አገላለጽ ለምርመራ ከተጠሩት 456 ወንዶች የአንዱ ሕይወት ከዚህ ሕመም ተርፏል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ ነገር ግን በሌላው ወገን ዕድሜ ልክ ጉዳት የማያደርስ፣ እጅግ ቀስ ብሎ የሚያድግ ካንሰር ተገኝቶባቸው ያለ በቂ ምክንያት ለሕክምናና ለሥቃይ የሚዳረጉም አሉ። ስለዚህ በብዙ ሀገሮች የሚሰጠው ምክር «ሁሉም ይመርመር» ሳይሆን «ሁሉም ከሐኪም ጋር ይነጋገርና ዐውቆ ይወስን» የሚል ነው። ይህ ንግግር ለአብዛኛው ወንድ በ50 ዓመት፣ የአፍሪካ የዘር ሐረግ ላላቸው ወይም አባታቸው ወይም ወንድማቸው ለታመመባቸው ደግሞ በ45 ዓመት እንዲጀመር የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ይመክራል። ዕድሜያቸው ለገፋና ሌላ ከባድ ሕመም ላለባቸው አረጋውያን ምልክት ሳይኖር መመርመር ብዙም አይጠቅምም። ምልክት ያለበት ሰው ግን በማንኛውም ዕድሜ መታየት ይገባዋል።

፭. ሕክምናው

ካንሰሩ ከዕጢው ሳይወጣ ከተገኘ ተስፋው ብሩህ ነው። በእንግሊዝ ሀገር በምርመራ ቀድሞ የተደረሰባቸው ከ1,600 የሚበልጡ ሕሙማን ከ15 ዓመታት በኋላ ሲታዩ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውም፣ ጨረር የወሰዱትም፣ በቅርብ ክትትል ብቻ የቆዩትም ከመቶ ዘጠና ሰባት ያህሉ በዚህ ካንሰር አልሞቱም ነበር። ቀዶ ሕክምናና ጨረር ሽንትን የመቆጣጠር ችግርና የወንድነት አቅም መዳከም ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ ምርጫው የሚደረገው ሐኪሙ፣ ታማሚውና ባለቤቱ ተመካክረው ነው።

ካንሰሩ ከተሠራጨ በኋላ ግን ዓላማው ሕመሙን መግታት፣ ሥቃይን ማስታገሥና ዕድሜን ማራዘም ይሆናል። የፕሮስቴት ካንሰር በወንድ ሆርሞን እየተመገበ የሚያድግ በመሆኑ፣ ሆርሞኑን መቀነስ ያዳክመዋል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1941 ያሳዩት ቻርለስ ሃጊንስ የተባሉ ሐኪም ሲሆኑ፣ ለዚሁ ሥራቸው በ1966 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ሆርሞኑ የሚቀነሰው በየጊዜው በሚሰጥ መርፌ ወይም የዘር ፍሬዎችን በቀዶ ሕክምና በማውጣት ነው። መርፌው ያለማቋረጥ ገንዘብና ምልልስ ስለሚጠይቅ፣ በገጠር ለሚኖር ሕመምተኛ አንድ ጊዜ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ የሚቻለው አማራጭ ሆኖ ይገኛል።

በሀገራችን የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብቻ ነበር። አሁን በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም አገልግሎቱ ተጀምሯል። ለወለጋ ሰው ይህ ማለት ወይ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ፣ ወይ በበደሌ በኩል ወደ ጅማ መጓዝ ነው። በአካባቢው በነበረው የጸጥታ ችግር መንገድ የተዘጋባቸው ጊዜያት ይህን ጉዞ ይበልጥ አክብደውታል። ሕመሙ ቀድሞ ሲታወቅ ግን ጉዞው ታስቦበት፣ ቀጠሮ ተይዞለት፣ በሬ ሳይሸጥ ሊደረግ ይችላል።

፮. ዝምታውን ስለ መስበር

አባቶች ስለዚህ ሕመም የማይናገሩት ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ኀፍረት ነው። ስለ ሽንትና ስለ ኀፍረተ ሥጋ በአደባባይ መናገር ከሽማግሌ አይጠበቅም። ከቅዳሴ መካከል መውጣት የማይቻለው ካህን ሽንቱን መቋጠር ሲያቅተው ተራውን ለሌላው ይሰጣል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። በጉባኤ የሚያስተምረው መምህር፣ ረጅም መንገድ የሚሄደው ነጋዴ፣ በሽምግልና ሲፈርድ የሚውለው አባትም እንዲሁ። ስለዚህ ንስሐ አባት የንስሐ ልጁ ከአገልግሎት ወይም ከጉባኤ ሲርቅ ሲያይ «ምን ሆነሃል?» ብሎ ለብቻው መጠየቁ፣ የሌሊቱን መነሣትና የውኃውን መሸሽ ከማንም በፊት የሚያዩት ባለቤትም ዝም አለማለታቸው ትልቅ ድርሻ አለው።

ሁለተኛው ምክንያት ወንድነትን የማጣት ፍርሃት ነው። የዘር ፍሬ መውጣት አለበት ሲባል «ከዚህስ ሞት ይሻላል» የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተነገረውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ማስታወስ ይገባል። ቤተ ክርስቲያናችን እርሱን የምታከብረው በእምነቱና ለሀገሩ ባደረሰው ወንጌል ነው፤ ጃንደረባ መሆኑ ከክብሩ አንዳች አልቀነሰም። ለሕይወቱ ሲል ቀዶ ሕክምና የተደረገለት አባትም በቤቱ አባት፣ በአጥቢያው ሽማግሌ፣ በማኅበሩ ሙሴ ሆኖ ይኖራል። ይህን በዐውደ ምሕረት መናገር ለሚፈራው ሰው መድኃኒት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ሕክምናንና ጸበልን እንደ ተቃራኒ መመልከት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ረገድ ከኤች.አይ.ቪ. ዘመን የተማረችው ትምህርት አለ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማን የሐኪም መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ፣ ሁለቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ እንደ ሆኑ በይፋ አስተምረዋል። ያ ትምህርት ለዚህም ሕመም ይሠራል። ጸበል የሚጠመቅ አባት ምርመራውን ወደ ኋላ ማለት የለበትም፤ የተመረመረም ጸበሉን መተው አያስፈልገውም።

ዝምታን መስበር ምን ያህል እንደሚጠቅም ከደቡብ አፍሪካ ሁለት ምሳሌዎችን ማንሣት ይቻላል። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ይህ ሕመም እንዳለባቸው ሲነገራቸው አልደበቁትም፤ በ90 ዓመታቸው በ2021 እስኪያርፉ ድረስም ከ20 ዓመት በላይ ኖረው አገልግለዋል። ኔልሰን ማንዴላም በ2001 በ83 ዓመታቸው ሕመሙ ሲገኝባቸው በይፋ ተናግረው የጨረር ሕክምና ወሰዱ፤ ከዚያም በኋላ 12 ዓመት ኖረው በ95 ዓመታቸው አርፈዋል። የተከበረ ሽማግሌ ሲናገር ሌላው ማፈሩን ይተዋል።

፯. ድጋፍ ስለ ማሰባሰብ

ገንዘብ ማሰባሰብ ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ትልቅ ድርጅት ነው። ነገር ግን ዛሬ ትልቅ የሆኑት ሥራዎች የተጀመሩት በጥቂት ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአውስትራልያ ሜልቦርን 30 ወንዶች በኖቬምበር ወር ሪዛቸውን ለማሳደግ ተስማሙ፤ በቀጣዩ ዓመት ይህንኑ ምክንያት አድርገው ለፕሮስቴት ካንሰር ድጋፍ ገንዘብ ሰበሰቡ። ዛሬ ይህ በብዙ ሀገሮች በየዓመቱ የሚደረግ ዘመቻ ሆኗል። ለእኛ አባቶች ጺም ማሳደግ አዲስ ነገር አይሆንም፤ ልንወስደው የሚገባን በዓመት አንድ የታወቀ ወር መወሰናቸውንና የሚያሳፍረውን ነገር መነጋገሪያ ማድረጋቸውን ነው። በሀገራችንም በደም ካንሰር ሕፃን ልጃቸውን ያጡ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፣ የአንድ ቤት ኀዘን ለብዙ ሕሙማን መጠጊያ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል።

በአኖና በአካባቢዋ ላለ አጥቢያ የሚስማማው ወር ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ነው፤ ምርት የሚሰበሰብበትና ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ የሚያገኝበት ጊዜ ነውና። የገንዘቡ ምንጭ ደግሞ አዲስ መሆን አያስፈልገውም። ዕድሩ፣ ሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩ ተቋቁመው ያሉ፣ ሕዝቡ የሚያምናቸው ናቸው። ለምሳሌ 150 አባወራ ያሉት ዕድር ከመደበኛው መዋጮ ላይ በወር 20 ብር ቢጨምር በወር 3,000፣ በዓመት 36,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ሆስፒታል አይሠራም። ነገር ግን ሕመምተኞችን ከቤታቸው ወደ ነቀምቴ ለማድረስ፣ ለምርመራ ለመክፈልና አስታማሚን ለማሳደር ትልቅ አቅም ነው።

ሥራው እንዲሠምር የሚከተሉትን ነጥቦች በቅደም ተከተል መፈጸም ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ከገንዘቡ በፊት መንገዱን ማወቅ። የሰበካ ጉባኤው ተወካዮች ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋር ተገናኝተው ምርመራው የት እንደሚሰጥ፣ በየትኛው ቀን እንደሆነና ዋጋው ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። በነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና በወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ያለውን አገልግሎት አስቀድሞ ማጣራት ብዙ ከንቱ ምልልስ ያስቀራል። ከምርመራ በኋላ የሚከተለው ሕክምና ሳይታሰብ ሕዝብን በጅምላ ደም ማስመርመር፣ ሰውን አስደንግጦ ሜዳ ላይ መተው ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የጤና መድንን መጠቀም። አባወራው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ካልሆነ፣ የዕድሩ የመጀመሪያ እርዳታ ዓመታዊ መዋጮውን መሸፈን ሊሆን ይችላል። የመድኑ አባል ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዞ ደረጃውን ጠብቆ መሄድ እንዳለበት ማስረዳትም ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን ሳይዝ የሄደ ሰው መድኑ ሊሸፍንለት የሚችለውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላልና።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ የሚወጣበትን ሥርዐት መወሰን። ሦስት ፈራሚዎች፣ የገቢና የወጪ ደረሰኝ፣ በየሦስት ወሩ ለአባላት የሚነበብ ሒሳብ ይኑር። ተረጂው የሚመረጠው በዝምድና ሳይሆን በሐኪም ወረቀትና በችግሩ መጠን ይሁን። በሒሳቡ ንባብ ላይ የገንዘቡ መጠን እንጂ የታማሚው ስምና የሕመሙ ዓይነት አይነገር። ምስጢሩ ካልተጠበቀ ሁለተኛ ሰው አይመጣም።

አራተኛ፣ በገንዘብ የማይገዛውን ድጋፍ ማደራጀት። ታማሚው ሲሄድ ማሳው በአረም እንዳይዋጥ ደቦ መውጣት፣ ከብቱን መጠበቅ፣ ከእርሱ ጋር የሚጓዝ ሰው መመደብ ያስፈልጋል። አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገር አባት አዲስ አበባ ደርሶ የሐኪሙን ቃል ሳይረዳ እንዳይመለስ፣ አብሮት የሚሄደው ሰው ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ወጣት ቢሆን ይመረጣል። ለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተዘጋጁ ናቸው። በአጥቢያው የሚሰጠው ትምህርትም አባቶች በሚሰሙት ቋንቋ፣ በተቻለ መጠን ለወንዶች ለብቻቸው፣ ጤና ባለሙያ ባለበት ይሁን።

አምስተኛ፣ መዳን ለማይቻለውም መድረስ። ሕመሙ ተሠራጭቶ የተገኘበት ሰው «ከእንግዲህ ምንም አይደረግም» ተብሎ ሊተው አይገባውም። የሥቃይ ማስታገሻ፣ ንጹሕ አልጋ፣ የሚጠይቀው ወዳጅ፣ ሥጋ ወደሙ የሚያቀብለው ካህን ያስፈልጉታል። ከድጋፉ ገንዘብ የተወሰነው ለእነዚህ ወገኖች እንዲቆይ መወሰን ተገቢ ነው።

ማጠቃለያ

በመግቢያችን ያነሣናቸውን አባት እንደ ገና እናስባቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ባለቤታቸው ለንስሐ አባታቸው ቢነግሩ፣ ንስሐ አባታቸው ለብቻቸው ጠርተው ቢያነጋግሯቸው፣ ጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ቢጽፍላቸው፣ ዕድሩም የመንገዱን ቢሰጣቸው ኖሮ ምናልባት ሕመማቸው ካንሰር ያልሆነ የዕጢ ማደግ ሆኖ ተገኝቶ በመድኃኒት ዕረፍት ያገኙ ነበር። ካንሰርም ቢሆን ገና ከዕጢው ሳይወጣ ሊደረስበት ይችል ነበር። በሁለቱም መንገድ በሬው ሳይሸጥ፣ ሌሊቱም በሰው ትከሻ ሳያልፍ ይቀር ነበር።

ለዚህ ያስፈለጉት አንድ ጥያቄ፣ አንድ ወረቀትና ጥቂት ብር ነበሩ። ለሞተው የሚሰበሰበው ዕድር ለታመመውም ቢሰበሰብ፣ ለቅሶ የሚደርሰው ጎረቤት ለምርመራም ቢሸኝ፣ ብዙ አባቶች የልጅ ልጆቻቸውን ያያሉ። እግዚአብሔር አምላክ ሕሙማንን ይማር፤ የሚያስታምሟቸውን ያጽና፤ እኛንም ወንድማችን ሳይወድቅ የምንደርስለት ያድርገን።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በአጥቢያችሁ ካሉት አባቶች መካከል ከአገልግሎት ወይም ከጉባኤ ምክንያቱን ሳይናገሩ የራቁ አሉ? ማን ቢያነጋግራቸው ይሻላል?

ለ. ካንሰር ያልሆነውን የፕሮስቴት ማደግና የፕሮስቴት ካንሰርን የሚለየው ምንድን ነው? በግምት መለየት የማይቻለውስ ለምንድን ነው?

ሐ. ከእናንተ አጥቢያ እስከ ነቀምቴ ሆስፒታል አንድ ታማሚና አንድ አስታማሚ ደርሰው ለመመለስ ስንት ብር ያስፈልጋቸዋል? ዕድራችሁ ወይም ሰንበቴያችሁ ይህን በዓመት ለስንት ሰው መሸፈን ይችላል?

መ. የታማሚውን ምስጢር እየጠበቃችሁ ሒሳቡን በግልጽ ለማቅረብ ምን ዓይነት ሥርዐት ታበጃላችሁ?